ያልነበረውን የማይጨምር ፎቶ ቤት፤ ደሴ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ቤት አለች። ማስታወቂያዋን ፀሐይ በልቶት «ፎቶ» ከሚለው ቃል በቀር የሚነበብ አልቀረበትም። ታች የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው፤ በሱቁ ጎን ባለው ጠባብ ደረጃ ይወጣል። ቤታችሁ ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም ቀለሙ የለቀቀ ፎቶ ካለ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ይዤ የሄድኩት አንድ ፎቶ ነው፤ ከዚያ ዘመን ያለንም እሱ ብቻ ነው።

ፎቶው ፓዊ ላይ ነው የተነሣው፤ በ1979 ዓ.ም. ኅዳር። የኛ አገር አምባሰል ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከብቶቻችን አለቁ፤ አባቴ እህል ሊቀበል በተሰለፈበት ቦታ ለሰፈራ ተመዘገበ። ወዶ ነው ወይስ ተገዶ እያልኩ እማዬን ስጠይቃት «ራብ ነው የመዘገበን» ትለኛለች፤ ሌላ መልስ የላትም። በዚያን ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራቡ ቆላ የተወሰደው ሕዝብ 600 ሺህ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ የሚሆነው የሰፈረው ጎጃም፣ መተከል አውራጃ፣ በበለስ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ፓዊ በሚባለው አካባቢ ነበር። እኛም በአውቶቡስ አዲስ አበባን አልፈን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ በቻግኒ በኩል ገባን። እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበር የተሰጣቸው። እማዬ እስከ ዛሬ «እዚያ ሰፈር ሳለን» አትልም፤ የመንደሩን ቁጥር ነው የምትጠራው።

ፎቶው ከመዳፌ አይበልጥም። በግራ አባቴ ዶማ በትከሻው አድርጎ ቆሟል። አጠገቡ ታላቅ ወንድሜ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ጣሳ ይዟል። እማዬ መሃል ናት፤ እዚያው ፓዊ የተወለደውን ታናሽ ወንድሜን በአንቀልባ አዝላለች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ከፀሐይዋ ፊቴን አጨማድጃለሁ። በቀኝ ጠርዝ ታናሽ እህቴ ቆማለች። ከኋላችን ጎጆው አለ፤ የቀርከሃው ግድግዳ ቆሟል፣ ጣሪያው ግን ገና ግማሹ ነው የተከደነው። የመጀመሪያው ጎጆ በሰደድ እሳት ተቃጥሎብን ይሄ ሁለተኛው ነበር። ከጎጆው ጀርባ ሣር ብቻ ነው የሚታየው፤ ከአባቴ ራስ በላይ የቆመ ሣር። ያነሣን የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ከመጡት ጣሊያኖች አንዱ ነው፤ ከወራት በኋላ አሳጥቦ አምጥቶ ለአባቴ ሰጠው።

እህቴ በሚቀጥለው ክረምት በወባ ሞተች። ሌላ ፎቶ የላትም። ፎቶውን ደግሞ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ምስጥ ገባበትና በቀኝ በኩል ያለውን ጠርዝ በላው። እህቴ ከአንገቷ በታች አለች፤ እጇ አለ፣ የእማዬን ነጠላ ጫፍ የያዘ ትንሽ እጅ። ፊቷ የለም።

ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ወስጄው ነበር። የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ፎቶውን በስልክ አነሡት፣ አንድ አፕ ውስጥ አስገቡት፣ ሃያ ደቂቃም ሳይሞላ አትመው ሰጡኝ። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደንቃል። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኗል፤ የጎጆው ጣሪያ ተከድኖ አልቋል፤ ሁላችንም ጥቁር ጫማ አድርገናል። እማዬ ፊቷ ላይ አንዲት መስመር የለም። እህቴ ፊት ወጥቶላታል፤ ክብ፣ ትልልቅ ዓይን ያላት፣ ፈገግ ያለች ቆንጆ ልጅ።

ቤት ወስጄ ለእማዬ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ አቅርባ አየችው፣ አርቃ አየችው። ከዚያ እንግዳ እንደገባበት ሰው ሻሿን አስተካከለችና «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ፎቶውን ከእጇ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ዳግም አላወጣሁትም።

እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተቀደደ ነጠላ ሲመጣልኝ ከዚያው ከነጠላው ጫፍ ክር መዝዤ እጠቅመዋለሁ፤ ከሌላ ጨርቅ ቆርጬ አልለጥፍበትም። ባለቤቷ ስትለብሰው የራሷ ነጠላ ነው መሆን ያለበት። ጥገና ማለት ለኔ ይሄ ስለሆነ ያ ሥራ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ከዚያ ወዲያ ፎቶውን ለማንም ላለማሳየት ወስኜ ነበር፤ ደሴ የምትኖር አንዲት ደንበኛዬ ናት ስለዚች ፎቶ ቤት የነገረችኝ።

እማዬን ይዤ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተን ደሴ የገባነው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ደረጃው ለሽማግሌና ለአሮጊት ከባድ ነው፤ መደገፊያ ብረት የለውም፣ ሁለት ጊዜ ቆመን ነው የወጣነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጠፍጣፋ ስካነር፣ ትልቅ ፕሪንተር፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ የሰው ሠርግና ምረቃ። ባለቤቱ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ለእማዬ ወንበር አወጣላት፣ ውሃ ሰጣት፤ ከዚያ ፎቶውን ከላስቲኩ ላወጣ ስል «እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ» ብሎ እጁን ታጥቦ መጣ። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዞ ነው የተቀበለኝ። የምስጡን ጥርስ የቀመሰውን በኩል ጭራሽ አልነካውም።

ወዲያው ወደ ሥራ አልገባም። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣና «እማማ፣ ማን ማን እንደሆነ ይንገሩኝ» አላት። ከግራ ጀምሮ የእያንዳንዳችንን ስምና ያኔ የነበረንን ዕድሜ ጻፈ። እህቴ ጋ ሲደርስ እማዬ ስሟን ጠራችና ዝም አለች። ልጁም ዝም አለ። ከዚያ «አላህ ይርሐማት» ብሎ ጻፈ።

ቀለሙ ለምን ቀይ እንደሆነ ጠይቄው በደንብ አስረዳኝ። የዚያን ጊዜ ባለ ቀለም ወረቀት ሦስት ቀለም ተደራርቦበት ነው የሚታጠበው፤ ዓመታት ሲያልፉ ወደ ውሃ ሰማያዊ የሚያደላው ቀለም ቀድሞ ይለቅና ቀዩ ብቻውን ጎልቶ ይቀራል። ስለዚህ የለቀቀውን መልሶ ማመዛዘን ይቻላል፣ ግን መነሻ ይፈልጋል። ለዚያ ነው እማዬን የጠየቃት፦ «ቀሚሱ ምን ዓይነት ነበር? ሣሩስ ያኔ አረንጓዴ ነበር ወይስ ደርቋል?»

ቀሚሷ ከአምባሰል ለብሳው የወጣችው አረንጓዴ ነው፤ ሌላ አልነበራትም። ሣሩ ግን፣ አለች፣ ኅዳር ስለሆነ ከሥሩ አረንጓዴ ነው፣ ከላይ መቃ መስሏል፣ ጫፉ ነጭ አበባ ይዟል። እሳት የሚፈራበት ወር ነው። ልጁ ቃል በቃል ጻፈው። በኋላ የመጣው ፎቶ ላይ ሣሩ ልክ እንዳለችው ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ስካን ሲያደርገው ኢንች በ1,200 ነጥብ ነው ያነሣው፤ መዳፍ የማትሞላዋ ፎቶ ኮምፒውተሩን ሞላችው። ልጅ ሆኜ የኖርኩበት ሳይሆን ጭራሽ አዲስ ቦታ የገባሁ ነው የመሰለኝ። በግድግዳው ላይ የእማዬ አገልግል ተሰቅሏል። ከአምባሰል በጭንቅላቷ ተሸክማ ያመጣችው፣ እሱን ለማዳን የመጀመሪያው ጎጆ ሲቃጠል ተመልሳ የገባችበት አገልግል። ከጎጆው ጎን ሣሩን ለሁለት የሚከፍል ቀጭን መንገድ ይታያል። እማዬ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይሄ የኛ መንገድ አይደለም» አለች። የጉሙዞች ነው። ስንሄድ መሬቱ ባዶ ነው ተብለን ነበር፤ ባዶ አልነበረም፣ የጉሙዝ ሕዝብ የሚያርሰው፣ የሚያድንበት፣ ማር የሚቆርጥበት አገር ነው። በዚያ መንገድ የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ በእንጨት ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥለው ያልፉ ነበር። አንዷ ለእማዬ የቀርከሃ ለጋ እንዴት እንደሚበላ አሳይታታለች፤ ራሽን በዘገየ ጊዜ ያንን ቀቅለን ነው የሰነበትነው። በኋላ በሰፋሪውና በነባሩ መካከል ደም የፈሰሰበት ዘመንም መጣ። እማዬ ግን ያቺን ሴት ዱዓ ስታደርግላት ሰምቻለሁ።

የአባቴንና የወንድሜን እግር ላሳያችሁ የምፈልገው ከሁሉ በላይ ነው። ልጁ ወደ ታች አቅርቦ ሲያሳየን አባቴ በግራ እግሩ በረባሶ አድርጓል፣ ቀኙ ባዶ ነው። ወንድሜን ስናየው ቀኙ ላይ በረባሶ አለ፣ ከእግሩ እጥፍ የሚሆን፣ በልጥ የታሰረ። ግራው ባዶ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ይሄን ፎቶ አይተን ይሄን አላየንም። እማዬ «እንዴ!» ብላ ወደ ፊት ተጠጋች። ወንድሜ የተቆረጠ የቀርከሃ ጉቶ ረግጦ ቀኝ እግሩ ቆስሎ ነበር፤ አባቴ አንዱን በረባሶ አውልቆ ሰጠው። በሬ አልነበረንም፤ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ በሬ አያኖርም፣ የትራክተሩ ማሳ ደግሞ የማኅበሩ ነው። በጓሯችን ያለችውን አባቴ በዶማ ነው የቆፈራት፣ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ፣ የወንድሜ ቁስል እስኪደርቅ። ያኔ የቀኑ ሥራ በነጥብ ይመዘገብ ስለነበር እግር ታመመ ተብሎ መቅረት ነጥብ ማጣት ነው።

ያ የመጀመሪያው ቦታ ለአባቴ ሁለት ጥቁር ጫማ አድርጎለት ነበር። ያንን ፎቶ ይዤ ብቀር ኖሮ ይህ ታሪክ ከእማዬ ጋር ነበር የሚቀበረው።

ልጁ የፊቷን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያነሣው። እማዬን ቀጥ ብሎ ሳያያት «እማማ፣ የትንሿን ፊት ምን ላድርግ?» አላት። ሦስት መንገድ አለ አለ። አንደኛው እንደ ሌላው ቦታ መሥራት፣ «ግን እሷ አትሆንም፣ እኔ የማደርገው አይደለም» ብሎ ቀድሞ ነገረን። ሁለተኛው ከእኔና ከወንድሞቼ የልጅነት መልክ ተነሥቶ ሠዓሊ በእጁ እንዲሥለው፣ እማዬ አጠገቡ ሆና እያረመችው፤ ለዚህ የሚያውቀውን ሠዓሊ ሊያገናኘን ይችላል። ሦስተኛው የተበላውን እንደተበላ መተው፤ ዙሪያውን ማጽዳት፣ ምስጡ ያሻከረውን ጠርዝ እንዳይቀጥል ማስተካከል፣ ወረቀቱ ባዶ በሆነበት ቦታ ባዶ ማድረግ።

እማዬ ጊዜ አልወሰደችም። «ተወው ልጄ። ፊቷን እኔ አውቀዋለሁ። እጇን ብቻ አጥራልኝ» አለችው።

እጇን አጠራው። ይህን ሥራ እንደ ባለሙያ ነው የማወድሰው። በዋናው ፎቶ ቀይ ነጠብጣብ ብቻ የነበረው ቦታ አሁን አራት ጣት ይቆጠራል፤ አውራ ጣቷ ከነጠላው እጥፋት ስር ገብቷል። ጣት አልተጨመረም፣ ጥፍር አልተሣለም። ከስካኑ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ አሳይቶኛል፤ ያለው ሁሉ እዚያው ነበር፣ በቀይ ቀለምና በቆሻሻ ተሸፍኖ። ፊቷ ያለበት ቦታ የድሮ ወረቀት ቀለም ያለው ባዶ ሆኖ ቀርቷል፣ ጠርዙ ምስጡ እንደተወው።

እንከኑንም ልናገር። በአምስት ቀን ይደርሳል ተብዬ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው ያገኘሁት። መብራት በመጥፋቱ መሆኑን አምናለሁ፣ እኔም ማሽኔ በመብራት ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ግን ደውሎ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ቀን ከኮምቦልቻ በከንቱ አልመላለስም ነበር። የመጀመሪያው ሕትመት ደግሞ ጨለም ብሎ ነው የወጣው፣ የአባቴ ፊት ጥላ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስነግረው አልተከራከረም፤ እዚያው ቆሜ ድጋሚ አተመው፣ ለሁለተኛው አላስከፈለኝም። ፍሬሙን ከሱ ባትገዙ ይሻላል፤ መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው በካርቶን የተሠራ ስስ ነገር ነው። እኔ ፍሬሙን እዚያው ደሴ ከእንጨት ሠራተኛ አሠራሁት።

ስካኑና ጥገናው 1,200 ብር ነው የፈጀው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ሕትመት 250 ብር፤ ሦስት አሳጠብኩ። አንዱ ለእማዬ፣ አንዱ ለታናሽ ወንድሜ፣ አንዱ ደርግ ሲወድቅ እኛ ወደ ወሎ ስንመለስ ፓዊ ለቀረው ለታላቁ። ፋይሉን ደግሞ በፍላሽ ሰጥቶኛል፤ በቴሌግራም የምልከው ከሆነም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንድልከው፣ አለዚያ እንደሚያበላሸው ነገረኝ። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋል፤ ከሰላት በኋላ ይከፍታል፣ ግን ያኔ ሰው ይበዛበታል። ማለዳ ሂዱ።

ከልጁ የሰማሁትን አንድ ምክር ላድርሳችሁ፦ የድሮ ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ። ብዙ ሰው ለማዳን ብሎ እንዲህ ያደርጋል፤ ላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር አንዴ ከተጣበቀ ግን የሚላቀቅበት መንገድ የለም፣ ውስጡ እየለቀቀ ሲሄድ ማንም አይደርስለትም። ፎቶው መስታወት ላይ ከተጣበቀባችሁም ለመላጥ አትታገሉ፤ ከነመስታወቱ ይዛችሁ ሂዱ፣ በመስታወቱ ላይ ስካን ይደረጋል።

ለታላቅ ወንድሜ የተላከው ፓዊ ሲደርስ ደወለልኝ። ስለ በረባሶው ምንም ሳልነግረው ነው የላክሁለት። ስልኩን ካነሣሁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ አልመጣም። ከዚያ «ቀኝ እግሬ ላይ ያለውን አየሽው?» አለኝ። አየሁት አልኩት። «ማታ ማታ ይቀበለኝ ነበር፣ ጠዋት ይመልስልኛል። ሌሊት ለዘብ ሲወጣ ሁለቱንም ያደርግ ነበር» አለኝ። እማዬም ይህን አታውቅም ነበር።

እማዬ ትልቁን ከአልጋዋ ትይዩ ሰቅላዋለች። ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ትንሽ ይታጠብልኝ ብላኛለች፤ በቁርኣኗ ገጾች መካከል የሚገባ፣ ሁላችንም ያለንበት ሳይሆን እጇና የነጠላው ጫፍ ብቻ። ለልጁ ደውዬ ነገርኩት፤ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ እወስዳለሁ።